የወደዱትን መጥላት

ለዓመታት አኒሜ ሲያይ የኖረ ወጣት ካገኙ «አምርረህ የምትጠላው የትኛውን ነው?» ብለው ይጠይቁት። ሥዕሉ የተንሻፈፈ፣ ታሪኩ መያዣ መጨበጫ የሌለው፣ ማንም ሰምቶት የማያውቅ ሥራ ይጠራል ብለው ይጠብቁ ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ግን የሚጠራልዎት ቀን እየቆጠረ ሲጠብቀው የነበረውን፣ ጓደኞቹን «ይህን ሳታዩ እንዳትቀሩ» እያለ ሲወተውትበት የከረመውን ሥራ ነው። ተራውን ሥራ ማንም አይጠላውም፤ ይረሳዋል። የሚጠላው አንድ ጊዜ ልብ ውስጥ የገባው ነው።

ለዘርፉ አዲስ ለሆነ አንባቢ ሁለት ቃላት እናስቀድም። ማንጋ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው፤ በሳምንታዊ ወይም በወርኃዊ መጽሔት ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ይወጣና በኋላ በቅጽ ይሰበሰባል። አኒሜ የጃፓን አኒሜሽን ሲሆን ከታወቁት አብዛኞቹ መነሻቸው ማንጋ ነው። የማሳሺ ኪሺሞቶ «ናሩቶ» በመጽሔት ላይ የቆየው ከ1999 እስከ 2014 ነበር (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ10 ዓመቱ ማንበብ የጀመረ ልጅ ሲጨርሰው 25 ዓመት ሞልቶታል።

እንዲህ ባለ ረጅም ጊዜ ውስጥ በደራሲና በአንባቢ መካከል ያልተጻፈ ቃል ኪዳን ይጸናል። አንባቢው «ዕድሜዬን ሰጥቼ እከተልሃለሁ፤ አንተ ደግሞ የጀመርከውን በወጉ ፈጽምልኝ» ይላል። የአድናቂ ጥላቻ በአብዛኛው የዚህ ቃል ኪዳን መፍረስ ነው። የሚፈርሰውም በሦስት በኩል ነው፦ ታሪኩ ሲቆራረጥ፣ ሥራው ጊዜ ሲያጣና ፍጻሜው ከጅማሬው ጋር ሲጣላ።

ታሪኩ ሲቆራረጥ

«ዘ ፕሮሚስድ ኔቨርላንድ» በካይዩ ሺራይ ተጽፎ በፖሱካ ደሚዙ የተሣለ ማንጋ ነው። ከ2016 እስከ 2020 ሾነን ጃምፕ በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ወጥቶ በ181 ምዕራፎች፣ በ20 ቅጽ ተጠናቀቀ። ታሪኩ የሚጀምረው ወላጅ የሌላቸው ልጆች በፍቅር በሚያድጉበት ቤት ነው። ከልጆቹ አንዷ ቤተሰብ ተገኝቶላት ትሸኛለች፤ የጨርቅ ጥንቸሏን ግን ረስታዋለች። አብረዋት ያደጉት ኤማና ኖርማን ሊያደርሱላት በሌሊት ወደ ግቢው በር ይሮጣሉ። በሩ ላይ በቆመው መኪና ውስጥ የሚያገኙት አስከሬኗን ነው። ያደጉበት ቤት ለጭራቆች ሥጋ የሚረባበት ቦታ ኖሯል፤ እናት እያሉ የሚጠሯት ሴትም ጠባቂያቸው ናት።

ክሎቨርወርክስ የተባለው ስቱዲዮ በ2019 ያወጣው የመጀመሪያ ሲዝን ከዚህ ማንጋ 37 ምዕራፎችን በ12 ክፍሎች ተረከ። ልጆቹ በሹክሹክታ የሚመክሩት፣ ከኮሪደሩ የሚሰማው ኮቴ፣ ፈገግታ የሚደብቀው ፍርሃት፣ ሁሉም የሚገባውን ያህል ጊዜ ተሰጠው። በ2021 የመጣው ሁለተኛው ሲዝን ግን የቀሩትን 144 ምዕራፎች በ11 ክፍሎች ቋጨ። ስሌቱን ልብ ይበሉ፦ በመጀመሪያው ሲዝን ለአንድ ክፍል ሦስት ምዕራፍ ገደማ ይደርሰው ነበር፤ በሁለተኛው 13 ሆነ።

ይህን ያህል ታሪክ እዚያ ውስጥ አይገባምና ቀሪው ተጣለ። ጭራቆች ለመዝናኛ ልጆችን የሚያድኑበት የጎልዲ ፖንድ ታሪክ፣ ብዙ አንባቢዎች ከሁሉ የሚያስበልጡት ክፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተዘለለ። ጓደኞቹን አጥቶ ለዓመታት በመሸሸጊያ ብቻውን የኖረው ዩጎ በአኒሜው ውስጥ ጨርሶ አልተፈጠረም። በመጨረሻው ክፍል ትልቁ ጉዞ በጥቂት የቆሙ ሥዕሎች ታልፎ ተዘጋ። አድናቂው የተቆጣው ማንጋው ስለተለወጠ ብቻ አይደለም። በ2003 የተጀመረው የ«ፉልሜታል አልከሚስት» አኒሜ ከሂሮሙ አራካዋ ማንጋ ተለይቶ የራሱን መንገድ ሄዷል፤ ግን 51 ክፍሎች ተሰጥተውት የራሱን ታሪክ በወጉ ስለፈጸመ እስከ ዛሬ ይወደዳል። መለወጥ ይቻላል። የማይቻለው የሰውን ልብ ሰቅሎ ጥሎ መሄድ ነው።

ሥራው ጊዜ ሲያጣ

ሁለተኛው ምክንያት ከደራሲ ብዕር ይልቅ ከቀን መቁጠሪያ ይመነጫል። ሳምንታዊ ማንጋ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው ወደ 20 ገጽ ገደማ ነው። አንድ የአኒሜ ክፍል ብዙ ጊዜ ከአንድ ምዕራፍ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ሁለቱም በየሳምንቱ ከወጡ አኒሜው ማንጋውን ደርሶበት ማቆሙ አይቀርም። የቴሌቪዥን ሰዓቱን መልቀቅ የማይፈልጉ አዘጋጆች ያኔ ከራሳቸው የፈጠሩትን ታሪክ ይሞሉበታል፤ አድናቂዎች ይህን «ፊለር» ይሉታል። የ«ናሩቶ» የመጀመሪያው አኒሜ 220 ክፍሎች ሲኖሩት፣ የናሩቶ ጓደኛ ሳሱኬ መንደሩን ከድቶ ከሄደ በኋላ የመጡት ከ80 በላይ ክፍሎች ፊለር ናቸው ማለት ይቻላል። ተመልካቹ የናሩቶና የሳሱኬ ነገር የት ይደርስ ይሆን ብሎ በጭንቀት ሲጠብቅ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ያየው ከዚያ ጋር ግንኙነት የሌላቸውን ተልእኮዎች ነው።

የጊዜ ማጣት በሥዕሉም ላይ ይታያል። በ2015 የተላለፈው የ«ድራጎን ቦል ሱፐር» አምስተኛ ክፍል ዋናው ገጸ ባሕርይ ጎኩ ከጥፋት አምላኩ ከቢሩስ ጋር የሚገጥምበት ነበር። በማያ ገጹ ላይ የታየው ግን የተጣመመ ፊትና የሚጎተት እንቅስቃሴ ሆነ። የዚያ ክፍል ቁርጥራጭ ምስሎች በዓለም ዙሪያ መሳለቂያ ሆኑ፤ በኋላ በዲስክ ሲወጣ ብዙው እንደገና ተስሏል። በ2016 የወጣው የ«በርሰርክ» አኒሜም ተመሳሳይ ዕጣ ገጠመው። ኬንታሮ ሚዩራ በማንጋው እያንዳንዱን ጥላ በሺዎች በሚቆጠሩ ጥቃቅን ጭረቶች የሚሠራ ሠዓሊ ነበር፤ አኒሜው ያንን በኮምፒውተር በተሠሩና እንደ አሻንጉሊት በሚንቀሳቀሱ አካላት ተካው።

እዚህ ላይ ጣታችንን ከመቀሰራችን በፊት አሠራሩን ማወቅ ይገባናል። አብዛኛውን አኒሜ የሚያሠራው አሳታሚው፣ የቴሌቪዥን ጣቢያው፣ የሙዚቃ ኩባንያውና የአሻንጉሊት አምራቹ ገንዘብ አዋጥተው የሚያቆሙት የፕሮዳክሽን ኮሚቴ ነው። ስቱዲዮው ብዙ ጊዜ በክፍያ የተቀጠረ ሠሪ ነው፤ የሚተላለፍበት ቀን አስቀድሞ ተቆርጦ ይጠብቀዋል። አንድ ክፍል በሺዎች የሚቆጠሩ ሥዕሎች ይፈልጋል፤ ከሠዓሊዎቹ ብዙዎቹም ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆኑ በሣሉት ሥዕል ልክ የሚከፈላቸው ናቸው። እኛ «ሰነፍ» ብለን የምንሰድበው ሠዓሊ ምናልባት ሦስት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው።

የጊዜ እጥረት ሳይኖር የተጠላ ሥራም አለ። ኪዮቶ አኒሜሽን በ2009 ባቀረበው የ«ሀሩሂ ሱዙሚያ» ሲዝን ውስጥ ገጸ ባሕርያቱ ሁለት የእረፍት ሳምንታትን ከ15,000 ጊዜ በላይ እየደጋገሙ ይኖራሉ። ስቱዲዮው ይህን ድግግሞሽ ተመልካቹም እንዲኖረው ፈለገና ያንኑ ታሪክ ለስምንት ተከታታይ ሳምንታት በስምንት ክፍሎች አቀረበው። ክፍሎቹ ግልባጭ አልነበሩም፤ ልብሱ፣ የካሜራው አቅጣጫ፣ የሥዕሉ ቀለም በየጊዜው ተለውጦ፣ ድምፁም ሁሉ ከአዲስ ተቀርጾ ተሠራ። ብዙ ልፋት የፈሰሰበት ድፍረት ነበር። ተመልካቹ ግን በየሳምንቱ «ዛሬስ ይፈታ ይሆን?» ብሎ እየተቀመጠ ሳይፈታ ይነሣ ነበር። ልፋት ብቻውን ቃል ኪዳን አይጠብቅም፤ የሚጠብቀውን ሰው ትዕግሥትም መመዘን ያስፈልጋል።

ፍጻሜው ከጅማሬው ሲጣላ

ሦስተኛው ቁስል ከሁሉ ይጠልቃል፤ ወደ ኋላ ሄዶ ያለፈውን ደስታ ያበላሻልና።

የዩሚ ኡኒታ «ኡሳጊ ድሮፕ» በቀብር ይጀምራል። ዳይኪቺ የተባለ የ30 ዓመት ላጤ ለአያቱ ቀብር ሲሄድ የስድስት ዓመት ልጅ ያገኛል፤ ሪን ትባላለች፤ አያቱ በስተርጅና የወለዳት ናት ይባላል። ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ ማን ይውሰዳት እያለ እንደ ሸክም ሲገፋፋት፣ እሷ ከግቢው አበባ ቀጥፋ በአዛውንቱ ሬሣ ሣጥን ውስጥ ታኖራለች። ዳይኪቺ ይነሣና «እኔ ጋ ነይ» ይላታል። ከዚያ በኋላ ከመዋዕለ ሕፃናት በሰዓቱ ሊያወጣት በሥራ ቦታው ወደ ሌላ ክፍል ይዛወራል፤ ስትታመም ያድራል፤ ጥርሷ ሲነቃነቅ አብሯት ይጨነቃል። አባትነት ከሥጋ ይልቅ በእንክብካቤ እንደሚገኝ እንዲህ ባለ ርኅራኄ ያሳየ ሥራ ጥቂት ነው። በ2011 የተሠራው የ11 ክፍል አኒሜ እዚሁ ላይ ስላቆመ እስከ ዛሬ በፍቅር ይታያል።

ማንጋው ግን አሥር ዓመት ዘለለ። ሪን አደገች፤ በመጨረሻም ከዳይኪቺ ጋር የሥጋ ዝምድና እንደሌላት ታወቀና ያሳደጋትን ሰው ለማግባት ወሰነች። አንባቢው የተሰማውን ለመረዳት የጃፓንን ባህል ማወቅ አያስፈልግም። ልጅ ያሳደገ ሁሉ፣ በጉዲፈቻ ያደገም ሁሉ ይገባዋል። ያ ሁሉ የአባት እንክብካቤ ወደ ኋላ ሲያዩት መልኩ ተለወጠ። እኔ በዚህ ጥላቻ ከአንባቢዎቹ ጋር እስማማለሁ፤ ፍጻሜው የመጀመሪያዎቹን ቅጾች ውበት በድሏል።

የሀጂሜ ኢሳያማ «አታክ ኦን ታይታን» ጉዳይ ከዚህ የረቀቀ ነው። ደራሲው በ2009 ሲጀምረው የ23 ዓመት ወጣት ነበር፤ በ2021 በ139ኛው ምዕራፍ ፈጸመው። ዋናው ገጸ ባሕርይ ኤረን ከሚኖርበት ደሴት ውጭ ያለውን የሰው ልጅ አብዛኛውን ይፈጃል። በመጨረሻው ምዕራፍ ጓደኛው አርሚን ኤረንን ለጓደኞቹ ሲል ስላደረገው የሚያመሰግነው የሚመስል ንግግር ተናገረ፤ ብዙ አንባቢ «ደራሲው ፍጅትን ይቅር አለ» ብሎ ተቆጣ። በ2023 የመጨረሻው የአኒሜ ክፍል ሲወጣ ያ ንግግር ተለውጦ ነበር። አርሚን በዚህኛው ጥፋቱን የጋራቸው አድርጎ ይቀበላል፤ ቅጣቱንም አብሮት ሊካፈል ይወስናል። የታሪኩ ሂደት አልተነካም፤ የተለወጠው ጥቂት ደቂቃ ንግግር ነው። ያም ሆኖ ፍጻሜውን ሲያወግዙ ከነበሩት ብዙዎች ታረቁ። ቁጣቸው መጀመሪያውኑ ከሞቱ ብዛት ሳይሆን ሞቱ ከተነገረበት ቃል የመጣ ነበር።

የተጠላው ሲወደድ

ጥላቻ ሁልጊዜ የመጨረሻ ፍርድ እንዳልሆነ የሚያሳየው የሂደአኪ አኖ «ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጌልዮን» ነው። በጥቅምት 1995 ጀምሮ በመጋቢት 1996 በ26ኛው ክፍል ሲዘጋ፣ ተመልካቹ የግዙፍ ማሽኖችን የመጨረሻ ጦርነት ይጠብቅ ነበር። ያገኘው በጨለማ ውስጥ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሺንጂ የተባለ ልጅ ነው። ሁለቱ የመጨረሻ ክፍሎች በዚያ ልጅ አእምሮ ውስጥ አለፉ፤ ምስሉ ወደ ረቂቅ ንድፍ ወረደ፤ መጨረሻ ላይ ሌሎቹ ገጸ ባሕርያት ከበውት አጨበጨቡለት። ቁጣው ከባድ ነበር። በ1997 ሌላ ፍጻሜ በፊልም ወጣ፤ በዚያ ፊልም ውስጥ በፍጥነት ከሚያልፉት ምስሎች መካከል ከተቆጡ ሰዎች ወደ ስቱዲዮው የተላኩ መልእክቶችም አሉ።

አኖ ከዚህ ሥራ በፊት ለዓመታት በድባቴ የተሠቃየ ሰው ነው። ጊዜ ሲያልፍ ብዙ ተመልካቾች፣ በተለይም ራሳቸውን መውደድ ያቃታቸው ወጣቶች፣ በዚያ ወንበር ላይ ራሳቸውን አገኙት። በ2021 የወጣው የኢቫንጌልዮን የመዝጊያ ፊልም በጃፓን ከ10 ቢሊዮን የን በላይ አስገባ። ሩብ ምዕተ ዓመት ቆይተው ሊሰናበቱት ከመጡት መካከል የ1996ቱ ተቆጪዎችም ይገኙበታል ብዬ አምናለሁ።

በፍቅር መፍረድ

እንግዲህ አንባቢዬ፣ «ይህ ሥራ የተጠላ ነው» ሲባሉ ሦስት ጥያቄ ይጠይቁ። የፈረሰው የትኛው ቃል ኪዳን ነው፤ የታሪኩ፣ የጊዜው ወይስ የፍጻሜው? ያፈረሰውስ ማን ነው፤ ደራሲው፣ ስቱዲዮው ወይስ ቀኑን የቆረጠው ኮሚቴ? ከአሥር ዓመት በኋላስ ዛሬ ያስቆጣን ነገር ምን ይመስለን ይሆን? እነዚህን የጠየቀ ሰው በልበ ሙሉነት «አልወደድኩትም» ማለት ይችላል፤ ፍርዱም ሚዛን ይኖረዋል።

ፍርዱ ግን ከሥራው አልፎ ወደ ሰው መሄድ የለበትም። ተደጋግመው ሰው ያማረሩት የ«ሀሩሂ» ክፍሎች በተሠሩበት ሲዝን ከዳይሬክተሮቹ አንዱ ያሱሂሮ ታከሞቶ ነበር። ሐምሌ 18 ቀን 2019 አንድ ሰው የኪዮቶ አኒሜሽንን ስቱዲዮ በእሳት አቃጥሎ 36 ሠራተኞችን ሲገድል ታከሞቶ ከሟቾቹ አንዱ ሆነ። የአጥፊው ቂም ከዚያ ሲዝን ጋር አይገናኝም። ያ ቀን ግን ከምንተቸው ሥዕል ጀርባ ጠረጴዛው ላይ ያጎነበሰ ሰው እንዳለ ለሁላችንም አሳየን። ያልወደዱትን ሥራ በድፍረት ይተቹ፤ የሣለውን እጅ ግን ያክብሩ።