«ሻል» የዕዳ ቃል ነው

ከእንግሊዝኛ በተመለሱ የሥራ ውሎች ላይ «አሠሪው በየወሩ ደመወዝ ሊከፍል ይችላል» እየተባለ ተጽፎ ማኅተም ተመትቶበት ይወጣል። በእንግሊዝኛው የተቀመጠው ግስ ግን «ሻል» ነው፤ እዚህ ቦታ ላይ ደግሞ ግዴታ እንጂ ፈቃድ አይደለም።

1ኛ፦ ሥሩን እንይ። በጥንቱ እንግሊዝኛ ይህ ግስ «ዕዳ አለብኝ» ማለት ነበር። የጀርመንኛው «ሹልድ» የዚሁ ዘር ሲሆን ብድርንም ጥፋትንም ይገልጻል፤ እኛም ለገንዘቡም ለደሙም «ዕዳ» እንላለን። ስለዚህ ግሱ ሲነሣ ጊዜን ሳይሆን ሰው የተሸከመውን ነገር የሚናገር ነበር።

2ኛ፦ ትምህርት ቤት ያበላሸው ነገር አለ። ጆን ዋሊስ እ.ኤ.አ. በ1653 በላቲን ባሳተመው የእንግሊዝኛ ሰዋስው፣ «ሻል» ከአንደኛ መደብ ጋር ወደፊት የሚሆነውን ብቻ ይናገራል፣ ከሁለተኛና ከሦስተኛ መደብ ጋር ግን ቃል መግባት ወይም ማስፈራራት ነው ይላል። እኛ ዘንድ ግማሹ ብቻ ይሸመደዳል፦ «ከአይና ከዊ ጋር ሻል፣ ከሌላው ጋር ዊል»። ውል ውስጥ የሚያስፈልገው የቀረው ግማሽ ነው! አሠሪው፣ ተከራዩ፣ ሻጩ ሁሉም ሦስተኛ መደብ ናቸው። ፈተናው ክፍት ቦታ ማስሞላት ብቻ ስለሆነ፣ ትርጉም ቤቱም ማኅተሙን እንጂ አረፍተ ነገሩን ስለማያይ፣ ስህተቱን የሚይዝ የለም።

«የነጋሪት ጋዜጣው አማርኛም እኮ ‹ይከፍላል› ይላል» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ በሕግና በውል አማርኛ «ይከፍላል» ግዴታን በሚገባ ይሸከማል፤ ቅሬታዬ በእሱ ላይ አይደለም። ጥፋቱ «ሊ»ን ጨምሮ «ይችላል»ን ማስከተል ነው። ግሱ ሁሌ ግዴታ ነው ማለቴም አይደለም። አዋጅ «የጸና ይሆናል» ሲባል ዕዳ ያለበት ሰው የለም፤ ተርጓሚው መጀመሪያ የግሱ ባለቤት ማን እንደሆነ መጠየቅ አለበት። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1995 የሕግ ጸሐፊዎች ቃሉን አንዳንዴ በ«ሜይ» ቦታ እንደሚጠቀሙበት አንሥቷል። እ.ኤ.አ. በ2007 የፌዴራል የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ደንባቸው እንደገና ሲጻፍ «ሻል» ወጥቶ ግዴታ በሆነበት ቦታ «መስት» ገባ። እነሱ ግዴታው እንዳይላላ ብለው ቃል ሲቀይሩ፣ እኛ በትርጉም እናላላዋለን።

ወደ አረብ አገር የምትሄድ ሠራተኛ ከመፈረሟ በፊት የምታነበው አማርኛውን ነው። ደመወዟ ሦስት ወር ቢዘገይ ወረቀቱን አውጥታ ታያለች፤ የምታገኘውም «ሊከፍል ይችላል» የሚል ነው።