«ጫት ትቅማለህ?» ተብላችሁ ስትጠየቁ

«ለአሜሪካ ሜዲካል ስገባ ጫት እቅም እንደነበር ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» ካኩማ ውስጥ ሳስተረጉም ብዙ ጊዜ የምጠየቀው ይህንን ነው። ደላላው «አፍህን ያዝ» ይላል። ጎረቤት ደግሞ «ሁሉንም ዘርግፈህ ተገላገል» ይላል። ሁለቱም ምክር ችግር አለበት።

መጀመሪያ ሕጉን እንወቅ። ጫት በኢትዮጵያም በኬንያም በገሃድ የሚሸጥ ቅጠል ነው። ትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ግን በአሜሪካ ሕግ ከሄሮይን ጋር በአንድ መደብ የተቀመጠ ነው። ስለዚህ «ጫት እኮ ዕፅ አይደለም» የሚለው ክርክር እዚያ አያስኬድም። ሐሺሽማ እዚህ ኬንያም የተከለከለ ነው።

የሜዲካል ሐኪሙ ፖሊስ አይደለም፤ ውጤቱ ግን ለአሜሪካ መንግሥት ይላካል። ሐኪሙ የሚያጣራው በዋናነት አሁን የዕፅ ሱስ ችግር አለ ወይ የሚለውን ነው። ካለ «ክላስ ኤ» ይባላል፣ ጉዞውንም ያግዳል። ሱስ የነበረበት ሰው 12 ወር ሙሉ ከተወ ግን «ክላስ ቢ» ይሆናል፤ ይሄ ጉዞ አያስቀርም። ጥርጣሬ ካለ የሽንት ምርመራ ሊታዘዝ ይችላል።

ውሸት ግን ሌላ ነው። ለውሳኔው የሚጠቅም ነገርን ሆን ብሎ መዋሸት በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ራሱን የቻለ መከልከያ ነው። እንደ ሱሱ 12 ወር ቆጥሮ አያልቅም። ለስደተኛ ምሕረት የሚጠየቅበት መንገድ ቢኖርም መስጠትና መከልከል የእነሱ ፋንታ ነው።

ታዲያ እንዴት እንመልስ? የተጠየቃችሁትን ብቻ፣ በልኩ። እኛ በወር አንዴ የሚቅመውንም «ሱሰኛ» ብለን እንጠራለን። ይህ ቃል እንዳለ ሲተረጎም ለሐኪሙ በሽታ ማለት ነው። ከስያሜው ይልቅ መቼ እንደጀመራችሁ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትቅሙ፣ መቼ እንዳቆማችሁ ተናገሩ። አሁንም የሚቅም ካለ ዛሬ ማቆም ይጀምር፤ ያቆመበትንም ቀን ይያዝ። ቀደም ሲል የተሳሳተ ቃል ያስመዘገበ ሰው፣ ሌላ ሰው ሳያጋልጠው በራሱ ፈቃድ ቢያርም ይሻለዋል።

በዕፅ የታሰረ፣ የተከሰሰ ወይም ዕፅ የሸጠ ሰው ግን ከቃለ መጠይቁ በፊት የሕግ ባለሙያ ያማክር። የዕፅ ንግድ ያ ምሕረት ከማይሸፍናቸው ነገሮች አንዱ ነው፤ ጥፋትን በቃል ማመንም የሕግ ውጤት አለው።

ነገሩ አውሮፕላን ስንሳፈር አያበቃም። ነገ ዜግነት አግኝቶ ለአሜሪካ ጦር አስተርጓሚ ልሁን የሚል ወጣት የደኅንነት ማጣሪያ ይጠብቀዋል። ለረጅም ዓመታት የተሠራበት ኤስ ኤፍ 86 የተባለው ቅጽ ያለፉትን 7 ዓመታት የዕፅ አጠቃቀም ይጠይቃል። እዚያም መርማሪዎች የቆየና የተተወ ነገርን ጊዜውንና ሁኔታውን አይተው ሊያልፉት ይችላሉ። ሆን ብሎ መደበቅ ግን በራሱ ታማኝነትን ጥያቄ ውስጥ ያስገባል፤ በፌዴራል ቅጽ ላይ መዋሸት እስከ 5 ዓመት ሊያሳስር የሚችል ወንጀልም ነው።

የአሜሪካ ቅበላ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2025 ወዲህ ለአብዛኞቻችን እንደቆመ አውቃለሁ። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ግን ለሚቅም ሰው 12 ወሩን መቁጠሪያ ሊሆነው ይችላል። ለደላላ ውሸት ገንዘብ ከመክፈል ይሄ ይሻላል፤ ደግሞም በነፃ ነው።