ስፕሪንክለር ለመኖሪያ ቤት ያዋጣል?

አዲስ አበባ ውስጥ ቪላ ሊገዛ የመጣ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ካርታው ነው። ቀጥሎ ስለ ውሃው፣ ስለ መብራቱና መኪና ስለሚያስገባው መንገድ ያነሳል። እሳት ቢነሳ በምን ይጠፋል ብሎ የሚጠይቅ ገዢ ግን እምብዛም አይገኝም። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በተቃጠለ ጊዜ ስለ እሳት ያልተነጋገረ ነጋዴ አልነበረም። ወሬው ግን ከሱቅና ከመጋዘን አልፎ ወደ መኖሪያ ቤት አልገባም።

ስፕሪንክለር አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1874 ሄንሪ ፓርማሊ የተባለ አሜሪካዊ የፒያኖ ፋብሪካውን ከቃጠሎ ለመጠበቅ ሲል የፈጠራ መብት አውጥቶበታል። አሠራሩም ቀላል ነው። ከኮርኒሱ በላይ ውሃ የሞላ ቧንቧ ይዘረጋና በየክፍሉ አንድ ወይም ሁለት መርጫ አፍ ይወጣለታል። አፉን ዘግታ የምትይዘው ፈሳሽ ያለባት ትንሽ ብርጭቆ ናት። ይህች ብርጭቆ ሙቀቷ 68 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሲደርስ ትፈነዳለች፤ ውሃውም ይረጫል። ሰው ተኝቶም ቢሆን ይሠራል።

ብዙዎችን የሚያስፈራቸው ወጥ ሲያር ወይም ቡና ተፈልቶ ዕጣን ሲጨስ ቤቱ በውሃ ይጥለቀለቃል የሚለው ነው። ይህ ከፊልም የተቀዳ ሥጋት ነው። መሣሪያው የሚለየው ሙቀትን እንጂ ጭስን አይደለም። የሚከፈተውም እሳቱ የደረሰበት አፍ ብቻ ሲሆን በደቂቃ 50 ሊትር ያህል ይረጫል። የእሳት አደጋ መኪና ቱቦ በደቂቃ ብዙ መቶ ሊትር እንደሚያፈስ ልብ ይሏል።

ወደ ገንዘቡ እንምጣ። በአሜሪካ አሪዞና ክፍለ ግዛት የስኮትስዴል ከተማ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዲስ የሚሠራ ቤት ሁሉ ስፕሪንክለር እንዲገጠምለት አስገድዳለች። ከ15 ዓመት በኋላ ሲሰላ መሣሪያው ባለበት ቤት አንድ ቃጠሎ ያደረሰው አማካይ ጉዳት 2,166 ዶላር፣ በሌለበት ደግሞ 45,019 ዶላር ሆኖ ተገኘ። በካሊፎርኒያና በሜሪላንድ አዲስ ቤት የገዙ ወገኖቻችንም ኮርኒሳቸው ላይ ያዩታል፤ ሕጉ ያስገድዳልና።

እኛ ዘንድ ቁም ነገሩ ውሃው ነው። የአሜሪካው የመኖሪያ ቤት ደረጃ በጥቅሉ ሁለት አፎች ለ10 ደቂቃ እንዲረጩ ይጠይቃል። ሲባዛ 1,000 ሊትር ይሆናል፤ በየግቢው የቆመው አንድ ሮቶ መሆኑ ነው! ይሁንና ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶው ባዶውን የሚያድርበት ቀን ብዙ ነው። ስለዚህ ለእሳት ብቻ የሚሆን ታንከር መለየት ያሻል። ትልቅ ታንከር ያለው ሰው ለቤቱ የሚወርደውን ቧንቧ ከፍ አድርጎ ቢያስቀጥል የታችኛው 1,000 ሊትር ሳይነካ ይቀመጣል። አፉ ዘንድ የሚፈለገው ግፊትም ቢያንስ ከ5 ሜትር ከፍታ እንደሚወርድ ውሃ ስለሆነ፣ ከጣሪያው ጥቂት ከፍ ያለ ታንከር ብቻውን አይበቃም። ፓምፕ ይጨመራል፤ እሳት ሲነሳ መብራት ሊጠፋ ስለሚችልም ፓምፑ መጠባበቂያ ኃይል ይፈልጋል።

ሳሎኑን መጋዘን ላደረገ ነጋዴ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ አለ። የቤት ስፕሪንክለር የተሰላው ለሶፋ፣ ለአልጋና ለመጋረጃ ነው። እስከ ኮርኒስ የተደረደረ ስፖንጅ ወይም ጫማ ከተያያዘ ሁለት አፍ አይመልሰውም። የመሣሪያው ዋና ሥራ ቤተሰቡ የሚወጣበትን ጊዜ ማስገኘት ነው። መስኮቱ ሁሉ በብረት ፍርግርግ በታጠረበት ቤት እነዚያ ደቂቃዎች ምን ያህል እንደሚያስፈልጉ ባለቤቱ ራሱ ያውቃል።

መግጠም የሚረክሰው ኮርኒሱ ሳይዘጋ ነው። ያለቀ ቤት ላይ ከሆነ ጂፕሰሙን ማፍረስና እንደገና መቀባት ከቧንቧው ዋጋ ጋር ይደመራል። በማስጨረስ ላይ ያለ ቤት የያዘ ኢንቨስተር ሒሳቡን አሁኑኑ ቢያሠራ ይጠቀማል።

ደላላው "ስፕሪንክለር አለው" ሲል ደግሞ ቀና ብሎ ማየት ነው። የጭስ ጠቋሚን ስፕሪንክለር ብለው የሚያሻሽጡ አሉ። አፉ በግድግዳ ቀለም ከተቀባ እንደሌለ ይቆጠራል፤ መለወጥ አለበት። ከዚያም የመሞከሪያ ቧንቧው ይከፈትና ይታይ። ውሃ ካልወጣ ከቤቱ ዋጋ ላይ ይቀነስ።