ድፍርሱን የሚያጠራ ዘር

ክረምት በገባ ቁጥር ከደጋችን የታጠበው አፈር በጥቁር ዓባይ ተጭኖ ካርቱም ሲደርስ፣ ወንዙ ከነጭ ዓባይ ጋር በሚገናኝበት በመቅረን እንደ አተላ ደፍርሶ ይታይ ነበር። ይህን ውሃ ለመጠጥ ለማብቃት፣ በሱዳን የወንዝ ዳር መንደሮች የሚኖሩ እናቶች «ሸጀረት አል ረዋግ»፣ ማለት የማጥሪያ ዛፍ፣ በሚሉት፣ ከኮንሶው ሽፈራው ወገን በሆነው ተክል ዘር ይገለገሉ ነበር። እናቲቱ ዘሩን ልጣና ወቅጣ፣ ዱቄቱን በጥቂት ውሃ በጥብጣና አጥልላ እንስራው ውስጥ ትጨምረዋለች፤ በቀስታ አማስላም ትከድነዋለች። ከአንድ ወይም ከሁለት ሰዓት በኋላ ስትከፍተው ጭቃው ከታች ዘቅጦ፣ ላዩ ጠርቶ ታገኘዋለች። በካርቱም የሠሩት ተመራማሪ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ያን ይህን ጥበብ መርምረው፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት መጽሐፍ ለዓለም አስታወቁ።

የነገሩ ምስጢር በኤሌክትሪክ ሙል ነው። የጭቃው ቅንጣቶች አሉታዊ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ እየተገፋፉ ሳይዘቅጡ ይቆያሉ፤ የዘሩ ፕሮቲን ግን አዎንታዊ ሙል የተሸከመ በመሆኑ በገጻቸው ላይ ተለጥፎ ያስተሳስራቸዋል፤ ከብደውም ይሰጥማሉ።

ፕሮቲኑ በገጽ ላይ ሲለጠፍ የሚሠራውን ይህን ከዓይን የተሰወረ ረቂቅ ንጣፍ ለማየት ሊቃውንት ኒውትሮንን መረጡ። ኒውትሮን ራሱ ሙል አልባ ስለሆነ በጭቃው ቅንጣት ምትክ የሚቀርበውን የሲሊኮን ክሪስታል ዘልቆ፣ ክሪስታሉና ውሃው ከሚገናኙበት ገጽ ይንጸባረቃል፤ ከነጸብራቁም የንጣፉ ውፍረት ይሰላል። ተራው ሃይድሮጅንና የከባድ ውሃ ሃይድሮጅን ኒውትሮንን በየራሳቸው መንገድ ስለሚበትኑ፣ ተራው ውሃ በከባድ ውሃ ሲተካ ፕሮቲኑ ከውሃው ተለይቶ ይወጣል። ተመራማሪዎቹ ክዋምብዋ፣ ሄልሲንግና ሬኒ እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ ንጣፉ ከ6 ናኖሜትር በላይ፣ ማለት ከጠጉር ውፍረት ዐሥር ሺህ ጊዜ ያህል የሚያንስ ሆኖ ተገኘ፤ ሞለኪውሎቹ በነጠላ ረድፍ ሳይሆን ተደራርበው የሚያርፉ ይመስላል፤ ገጹን በውሃ ቢያጥቡትም አልለቅ አለ።

ይህ አለመልቀቅ ታላቅ ጥቅም አለው። በዘር የተጣራ ውሃ ሲያድር፣ ከዝቃጩ ጋር የወረዱት ተሐዋስያን እንደገና ሊበዙ ይችላሉ፤ ከዘሩ የቀረው ትርፍ ምግብ ይሆናቸዋልና። ፕሮቲኑ ግን አስቀድሞ በአሸዋ ላይ ከተለጠፈ፣ ትርፉ ታጥቦ ሲወገድ ኃይሉ በአሸዋው ላይ ይቀራል፤ የአሜሪካ ተመራማሪዎችም እ.ኤ.አ. በ2012 ይህ አሸዋ ባክቴሪያን እንደሚገድል አሳይተዋል። ስለዚህ ሽፈራው በሚበቅልበት አገር ሁሉ፣ ከኮንሶ እርከን እስከ ካርቱም ዳርቻ፣ ዘሩና አሸዋው ከተገናኙ፣ ማታ የጠራው ውሃ ነግቶም ንጹሕ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።