«ዴዝ»ን ከየት ጀምረን እናድምጥ?



ከዓመታት በፊት በክፍል ውስጥ ዴዝ ሜታልን «ጩኸት ነው» ብዬ አልፌው ነበር። አንዲት ተማሪዬ እጇን አውጥታ «መምህር፣ የትኛውን አልበም ሰምተው ነው?» ስትል ጠየቀችኝ። የሰማሁት «ዴዝ»፣ ማለትም «ሞት»፣ የተባለው የፍሎሪዳ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1987 ያወጣውን የመጀመሪያ አልበም ነበር፤ እርሱንም አልጨረስኩትም።

ስሕተቴ መጽሐፍን ከምዕራፍ አንድ እንደሚጀምር ሰው ማድመጤ ነው። ቡድኑ እስከ 1998 ድረስ ሰባት አልበሞችን አሳትሟል። በሰባቱም ውስጥ ያልተለወጠው ጊታር ተጫዋቹ፣ ድምፃዊውና ደራሲው ቸክ ሹልዲነር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አልበም ከአስፈሪ ፊልሞች የተቀዳ የደም ትረካ ሲሆን፣ የኋለኞቹ ግን የሰውን ጠባይ ይመረምራሉ። ስለዚህ እኔ የምመክረው ከመጨረሻው መጀመርን ነው።

በ1998ቱ አልበም ውስጥ «ቮይስ ኦፍ ዘ ሶል» የሚባል ሥራ አለ። ዘፈን የለበትም፤ ድራምም የለበትም። ኤሌክትሪክ ያልሆነው ጊታር ከሥር ይፈስሳል፤ ከላዩ የኤሌክትሪኩ ጊታር እንደ አልቃሽ ይጣራል። ጆሮ በዚህ ከተዘጋጀ በኋላ ወደ 1995ቱ «ሲምቦሊክ» መሻገር ይቻላል። ከእርሱም «ክሪስታል ማውንቴን»ን አስቀድሙ፤ ዜማው በአንድ ጊዜ ይያዛል።

እዚህ ላይ ድምፁ ይገጥማችኋል። ያ ሸካራ ጩኸት የሚወጣው ከድምፅ አውታሮች በላይ ያሉት እጥፋቶች ጭምር ሲንቀጠቀጡ ነው። ቃላቱን ለመያዝ አትታገሉ፤ እንደ አንድ የምት መሣሪያ ስሙት። የጊታሩን ሻካራነትም ቢሆን እንደ ጉድለት አትቁጠሩት። በገናችን ጅማቱ ላይ ያለው እንዚራ ቢወጣለት ድምፁ ይጠራል፤ ነገር ግን በገና መሆኑ ይቀራል።

ከዚያ ወደ 1991ዱ «ሂውማን» ተመለሱ። ለእኔ የቡድኑ ትልቁ መታጠፊያ ይህ ነው፤ ወደ ጃዝ ያደሉት ፖል ማስቪዳልና ሾን ራይነርት የገቡት በዚህ ጊዜ ነው። የመጀመሪያዎቹን አልበሞች ለመጨረሻ አቆዩአቸው። ዘሩ ምን እንደነበረ የሚታየው ዛፉን ካወቁ በኋላ ነው፤ ቢያንስ እኔ የጨረስኳቸው በዚህ መንገድ ነው።

ሹልዲነር ገና ልጅ ሳለ ታላቅ ወንድሙ በመኪና አደጋ ሞተበት። ወላጆቹ ከኀዘኑ እንዲጽናና ጊታር ገዙለት። እርሱም በአንጎል ዕጢ ታምሞ በታኅሣሥ ወር 2001 እ.ኤ.አ. በ34 ዓመቱ አረፈ። የቡድኑን ስም ለማስደንገጥ ብቻ የወጣ አድርጌ እመለከተው ነበር፤ ይህን ካወቅሁ ወዲህ ግን እንደ ቀድሞው ልስቅበት አልቻልኩም።

አሁን «ቮይስ ኦፍ ዘ ሶል»ን አብረን እናድምጥ። እባካችሁ፣ የድምፅ ማጉያውን ትንሽ ከፍ አድርጉልኝ።