ጥናትም ደቦ ይሻል፤ የጮሌ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ገብተው ብቻ ሳይሆን ጨርሰው እንዲወጡ

ጮሌ በአርሲ ደጋ በስተምሥራቅ የሚገኝ፣ ገብስና ስንዴ፣ ባቄላና አተር የሚታፈስበት አገር ነው። የጮሌ ገበሬ ዘር መሬት ስለገባ ብቻ እህል ጎተራ ገባ እንደማይባል ጠንቅቆ ያውቃል። በመዝራትና በመውቃት መካከል አረም አለ፣ ዋግ አለ፣ ያለ ወቅቱ የሚወርድ ዝናብ አለ። ይህ ስለ ስንዴ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ስለ ልጆች ሲሆን ግን ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ልጁ የ12ኛ ክፍልን ፈተና አልፎ የተመደበበት ዩኒቨርሲቲ ሲታወቅ በግ ይታረዳል፣ ምርቃት ይወርዳል፣ ሽኝት ይደረጋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ የልጁና የዩኒቨርሲቲው ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይቆጠራል። ጉዳቱም የሚመጣው በዚሁ በኩል ነው።

ፈተናውን የሚያልፉት ምን ያህል ጥቂቶች እንደሆኑ ማስታወስ ይገባል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 ከመቶ ሆነዋል። በ2015 ዓ.ም. ውጤት ብቻ ከ1,300 በላይ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ ሳያሳልፉ ቀርተዋል። እንግዲህ ከገጠር ቀበሌ አንድ ልጅ ወይም አንዲት ልጅ ካለፈች ይህ የቤተሰቡ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው ሁሉ ምርጥ ዘር ነው። ምርጥ ዘር ደግሞ በአረም ሲዋጥ ቆሞ የሚያይ ገበሬ የለም።

የመጀመሪያው ዓመት ፈተና

ከጮሌ የሄደ ተማሪ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ በብዙ መንገድ አናሳ ነው። ከየማዕዘኑ ከተሰበሰቡት መካከል የአገሩ ልጆች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከቤተሰቡ የዩኒቨርሲቲን በር ሲረግጥ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ስለዚህ «በዚህ በኩል ሂድ» የሚለው አባት ወይም ታላቅ ወንድም የለውም። ሴት ከሆነች ደግሞ ከአናሳም አናሳ ትሆናለች።

ቋንቋውም አንድ ሸክም ነው። በኦሮምኛ የሚያስተምሩ የኦሮሚያ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚያደርጉት ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ከዘጠነኛ ጀምሮ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሆናል። ተማሪው ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስረዳል፤ በማደሪያው አብሮት የሚተኛው ልጅ እንደ ተመደበበት ቦታ አማርኛ፣ ሶማልኛ ወይም ሲዳምኛ ይናገር ይሆናል። በዚህ መካከል ያልገባውን ነገር መጠየቅ የሚያሳፍረው ተማሪ ጥያቄውን በሆዱ ይዞ ወደ አልጋው ይመለሳል።

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ዓመት የጋራ ትምህርት የሚሰጥበት ሆኗል። ሒሳብ፣ እንግሊዝኛ፣ ሎጂክ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያ ጂኦግራፊና የመሳሰሉት በዚሁ ይጠቃለላሉ። ተማሪው በኋላ የሚደርሰው የትምህርት ክፍል በዚያ ዓመት ባመጣው ውጤት ይወሰናል። አማካይ ውጤቱ ከ2.00 ካነሰ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ በጣም ከወረደም ይሰናበታል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ወራት ለተማሪው ማለት ለስንዴው የመጀመሪያው የአረም ጊዜ ማለት ነው። በሰዓቱ ያልታረመ ማሳ በኋላ ቢታረም እምብዛም አይጠቅመውም።

አንድ ልጅ ከዓመቱ አጋማሽ በኋላ ሻንጣውን ተሸክሞ ቢመለስ የሚጎዳው እሱ ብቻ አይደለም። በሬ ሸጦ የላከው አባት ይከስራል። ጎረቤትም «የእገሌ ልጅ ሄዶ ምን አመጣ?» ይልና የራሱን ልጅ ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ከብት ያስጠብቃል። የተመለሰችው ሴት ከሆነች ለታናናሽ እኅቶቿ ሁሉ በሩ ይዘጋል።

ብቻውን የሚያጠና ለምን ይወድቃል?

ይህ ችግር የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በበርክሌይ ከተማ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጥቁር ተማሪዎች በመጀመሪያው ዓመት የከፍተኛ ሒሳብ ትምህርት ይወድቁ ነበር። ዩሪ ትሪስማን የተባለ የሒሳብ ሰው ምክንያቱን ለማወቅ ተነሣ። መምህራኑን ሲጠይቅ ፍላጎት የላቸውም፣ መሠረታቸው ደካማ ነው፣ ቤተሰባቸው አይደግፋቸውም፣ ድሆች ናቸው የሚል መልስ አገኘ። እሱ ግን በግምት አልረካም። 20 ጥቁር ተማሪዎችንና 20 የቻይና ተወላጅ ተማሪዎችን ለ18 ወራት ያህል በየማደሪያቸው እየተከታተለ አኗኗራቸውንና አጠናናቸውን ተመለከተ።

ያገኘው ነገር መምህራኑ ከገመቱት ሁሉ የተለየ ነበር። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ሰነፎች አልነበሩም፤ ብዙዎቹ በመጡበት ትምህርት ቤት አንቱ የተባሉ ነበሩ። በሳምንት አጥኑ የተባሉትን 8 ሰዓት ያህል ያጠናሉ፤ ነገር ግን የሚያጠኑት ብቻቸውን ነው። የቻይና ተወላጆቹ ግን በሳምንት 14 ሰዓት ያህል ሲያጠኑ አብዛኛውን ለየብቻቸው ከሠሩ በኋላ የቀረውን ተሰብስበው ያሳልፋሉ። አንዱ የሌላውን መልስ ያርማል፤ አንዱ የሳተውን ሌላው ያሳየዋል፤ ሁሉም ያልቻሉትን ጥያቄ ለመምህሩ ይወስዳሉ። እያንዳንዱ ከጓደኞቹ አንጻር የት እንደቆመ ያውቃል። ብቻውን ያጠና የነበረው ግን መድከሙን እንጂ መሳቱን የሚያውቀው የፈተና ወረቀቱ ሲመለስለት ነው።

ትሪስማን ከዚህ ተነሥቶ ተማሪዎቹን በትናንሽ ቡድን እያደረገ በሳምንት ጥቂት ሰዓት ከበድ ያሉ የሒሳብ ጥያቄዎችን በጋራ እንዲሠሩ አደረገ። «ደካሞች ናችሁና እንርዳችሁ» አላላቸውም፤ «ጎበዞች ናችሁና ከባዱን ሞክሩ» አላቸው። በቡድኑ የገቡት ጥቁር ተማሪዎች ካልገቡት በብዙ የተሻለ ውጤት አመጡ። ዘዴው በኋላ ወደ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተዛምቷል። በ1988 እ.ኤ.አ. በሜሪላንድ ባልቲሞር ካውንቲ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የማየርሆፍ ፕሮግራምም ተማሪዎቹን መደበኛው ትምህርት ከመጀመሩ በፊት በበጋ ሰብስቦ ያዘጋጃል፣ በቡድን ያስጠናል፣ ቤተሰቦቻቸውንም ያሳትፋል። ከዚያ የወጡ ብዙ ጥቁር ወጣቶች በሳይንስ የዶክትሬት ዲግሪ ለማግኘት በቅተዋል።

ለአርሲ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይደለም። የበቆጂ ልጆች የዓለምን ሯጮች የቀደሙት በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አልነበረም። የትምህርት ቤት መምህር የነበረው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ልጆቹን በማለዳ ሰብስቦ አብረው እንዲሮጡ ያደርግ ነበር። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያ ወጥተዋል። አብሮ የሚሮጥ የፊተኛውን ተረከዝ እያየ እግሩን ያፈጥናል። ብቻውን የሚሮጥ ግን ፈጣን መሆኑንም ዘገምተኛ መሆኑንም አያውቅም።

አንድ ጥማድ መሬት ለአንድ ሰው ብዙ ቀን የሚፈጅ አጨዳ ሲሆን በደቦ በአንድ ቀን ያልቃል። በአማርኛም በኦሮምኛም ስሙ ደቦ ነው። እንግዲህ ጥናትም ደቦ ይሻል።

የማኅበሩ ድርሻ

አንዳንድ የማኅበር መሪ «ይህ የመምህራን እንጂ የእኛ ሥራ አይደለም» ሊል ይችል ይሆናል። ነገር ግን የገበሬ ማኅበራትን ያቋቋመው የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ለማኅበራቱ ከሰጣቸው ተግባሮች አንዱ ከመንግሥት ጋር ተባብሮ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ማሠራት ነበር። በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ ማኅበራቱ መማሪያ ዳስ ጥለዋል። ዛሬ በመዝገብ ላይ ስሙ ቀበሌ ቢባልም የገጠሩ ሰው «ገበሬ ማኅበር» ማለቱን አልተወም፤ ኃላፊነቱም አልተለወጠም። ትምህርት ቤት ያሠራ ማኅበር ከዚያ የወጣውን ልጅ እስከ መጨረሻው መከታተል አይከብደውም። ለዚህም የሚከተሉት ሥራዎች ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ መዝገብ መያዝ ነው። ከማኅበሩ ክልል ማን የት ዩኒቨርሲቲ እንዳለ፣ ስንተኛ ዓመት እንደደረሰና ስልክ ቁጥሩን የሚያሳይ አንድ ደብተር ይበቃል። ብዙ ማኅበራት የማዳበሪያ ተረካቢዎችን ስም ያውቃሉ፤ የተማሪዎቻቸውን ስም ግን አያውቁም።

ሁለተኛ፣ የክረምት ጥናት ነው። ነባሮቹ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለእረፍት ሲመለሱ አዲስ ገቢዎችንና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን በሳምንት ሁለት ጊዜ በእንግሊዝኛና በሒሳብ ማስጠናት ይችላሉ። ቦታው የገበሬዎች ማሠልጠኛ ማዕከል ወይም የትምህርት ቤቱ አንድ ክፍል ሊሆን ይችላል። እርግጥ ወቅቱ የአረም ወቅት ነው፤ አባት ልጁን ከማሳ ለመልቀቅ ይቸገራል። ማኅበሩ የተማሪ ወላጆችን ማሳ በደቦ ቢያሳርም ግን ልጆቹ ሁለቱን ጧት ያገኛሉ። የጥናቱ አካሄድም ነባሩ ሲናገር አዲሱ የሚያዳምጥበት መሆን የለበትም። አራት ወይም አምስት ሆነው ጥያቄ ሠርተው እርስ በርስ ይተራረሙ። «አንድ ለአምስት» እየተባለ ስም ብቻ በወረቀት የሰፈረበት ቡድን ጥናት አይባልም።

ሦስተኛ፣ አሸኛኘት ነው። ዩኒቨርሲቲዎች ለምዝገባ ሲጠሩ የ12ኛ ክፍልና የ8ኛ ክፍል ማስረጃ ከነቅጂው፣ ጉርድ ፎቶግራፍ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስና የትራስ ልብስ ይዛችሁ ኑ ይላሉ። የቀበሌ መታወቂያ ለማግኘት ሊቀ መንበሩን ሦስት ቀን የሚጠብቅ ተማሪ የምዝገባ ቀን ሊያልፈው ይችላል። ይህን ማቃለል በማኅበሩ እጅ ነው። ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚሄዱ ልጆችም አብረው እንዲጓዙ፣ እዚያ ያለ ነባር ተማሪም እንዲቀበላቸው አስቀድሞ ስልክ ማስደወል ይገባል።

አራተኛ፣ ገንዘብ ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ የወጪ መጋራት ሥርዓት ስላለ ተማሪው የሚጋራውን ወጪ ሲመረቅ ይከፍላል። ነገር ግን መሳፈሪያ፣ ደብተር፣ ሳሙና፣ ለሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ የቤተሰብ ወጪ ናቸው። ብዙ ልጅ ትምህርት የሚያቋርጠው በእነዚህ ጥቃቅን ነገሮች ነው። አፎሻው ወይም እድሩ በመከር ጊዜ ከየቤቱ ጥቂት ጣሳ ስንዴ ቢሰበስብና ሸጦ በሁለት ፈራሚ በባንክ ቢያስቀምጥ ለአንድ ዓመት ይበቃል። ሒሳቡ ግን በጉባኤ ፊት ይነበብ፤ ያልተነበበ ሒሳብ በሚቀጥለው ዓመት መዋጮ አያስገኝም።

አምስተኛውና ዋነኛው፣ በአራተኛው ሳምንት መደወል ነው። የአጋማሹ ፈተና ከመድረሱ በፊት ከማኅበሩ የተመረጠ ሰው ለእያንዳንዱ አዲስ ገቢ ይደውል። «ደኅና ነህ ወይ?» ተብሎ ቢጠየቅ ልጁ ቤተሰቡን ላለማስጨነቅ «ደኅና ነኝ» ይላል። የሚጠየቀው ጥያቄ «ከማን ጋር ታጠናለህ?» የሚል ይሁን። መልሱ «ብቻዬን» ከሆነ ዋጉ ቅጠሉ ላይ ታይቷል ማለት ነውና ወዲያውኑ ነባር ተማሪ እንዲያገኘው ማድረግ ያስፈልጋል። የጥናት ጓዶቹ ግን የአገሩ ልጆች ብቻ እንዳይሆኑ መምከር ይጠቅማል። የአገር ልጅ ለናፍቆት ጥሩ ነው፤ ለሒሳብ ግን የገባው ሁሉ ከየትም ይምጣ ጓደኛ ነው። እንዲህ ያለው ጓደኝነት በየዩኒቨርሲቲው ለሚያስፈልገው ሰላምም ይረዳል።

ስለ ሴቶች ልጆችና ስለ ተመለሱት

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 35 ለሴቶች ልዩ ድጋፍ እንዲደረግ ይደነግጋል። ብዙ ዩኒቨርሲቲዎችም ለሴቶች የማጠናከሪያ ትምህርት ያዘጋጃሉ። ልጅቱ ይህን ድጋፍ እንደ ውርደት ቆጥራ እንዳትሸሸው መንገር ያስፈልጋል፤ የበርክሌይ ቡድኖችም የጎበዞች ነበሩና። ከሁሉ በፊት ግን እስከዚያ እንድትደርስ ከጠለፋ መጠበቅ አለባት። የቀድሞው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ ያገባት እንደሆነ ከቅጣት ያድነው ነበር። ከ1997 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ወዲህ ግን ጋብቻ ጠላፊን ከቅጣት አያድንም። ሽማግሌ ለዕርቅ ሲላክ ወሬው ቀድሞ የሚደርሰው ከማኅበሩ መሪ ዘንድ ስለሆነ ጉዳዩን ለፖሊስ ማሳወቅ የእሱ ግዴታ ነው።

ሁሉ ተደርጎም የሚወድቅ ይኖራል። የታመመ ወይም የተቸገረ ተማሪ ዩኒቨርሲቲውን ዝም ብሎ ጥሎ ከመውጣት ይልቅ የመልቀቂያ ቅጽ ሞልቶ ቢወጣ ለዳግም ቅበላ የማመልከት ዕድሉን ይጠብቃል። ይህን አንድ ነገር ባለማወቅ ብቻ ተስፋቸው የተዘጋ ልጆች አሉ። ተሰናብቶ የተመለሰውንም «ወዳቂ» ብሎ መሳለቅ ዳግመኛ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። ማኅበሩ ከክረምት ጥናቱ ደቦ ይጨምረው፤ የሚቀጥለውን ልጅ የት ላይ እንደሚደናቀፍ ከእሱ ይበልጥ የሚያስጠነቅቅ የለም።

ጉባኤ ሲጠራ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ግብርና ስለ መንገድ ይነገራል። ከእነዚህ ጎን የተማሪዎቹ ደብተር ተከፍቶ ስማቸው ይነበብ፤ ከየስማቸው ጎንም ማን እንደደወለላቸውና ከማን ጋር እንደሚያጠኑ ይጻፍ። ከክረምቱ በፊት ይህን የጀመረ ማኅበር በመስከረም የሚሸኛቸውን ልጆች ብቻቸውን አይልካቸውም።