ጃኩዚ ከመግዛትዎ በፊት ውኃው የሚወርድበትን ይመልከቱ

አንኮበር የሸዋ ነገሥታት መናገሻ በነበረችበት ዘመን ሙቅ ውኃ ያማረው ሰው ውኃው ወዳለበት ይሄድ ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1879 ዓ.ም. ገደማ ከእንጦጦ ወርደው በፍልውኃ አጠገብ ቤት ሲያሠሩ፣ ቀስ በቀስ መናገሻው ራሱ ተከትሏቸው ወረደ፤ አዲስ አበባም ተወለደች። ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። ገንዘብ ያለው ሰው ሙቅ ውኃውን ወደ ቤቱ ያስመጣል።

ይህን ያነሣሁት ጎረቤላ ላይ የማረፊያ ቤት ለመሥራት ያሰበ አንድ ወዳጄ ምክር ስለጠየቀኝ ነው። ጎረቤላ ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። ወዳጄ ጃኩዚውን ከገደሉ አፋፍ ላይ ተክሎ፣ አንገቱ ድረስ በሙቅ ውኃ ተዘፍቆ የአፋርን ቆላ ቁልቁል ማየት ይፈልጋል። ፍላጎቱ አይፈረድበትም። የመረጠው ቦታ ግን ከሁሉም የከፋው ነው።

ጃኩዚ የሰው ስም መሆኑን ብዙዎቻችን አናውቅም። ከጣሊያን ወደ ካሊፎርኒያ የተሰደዱ ወንድማማቾች የቤተሰብ ስም ነው። የፓምፕ ሠሪዎች ነበሩ፤ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከወንድማማቾቹ አንዱ የመገጣጠሚያ ሕመም ለነበረበት ልጁ ውኃ እየገፋ የሚያሽ ፓምፕ ሠራለት። ዛሬም ዕቃው በመሠረቱ ያው ነው፤ ገንዳ፣ ፓምፕ፣ ማሞቂያ፣ ማጣሪያና ክዳን።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። ለአራት ለአምስት ሰው የሚሆን ገንዳ 1,200 ሊትር ያህል ይይዛል፤ ይህ 60 ጀሪካን ነው። ውኃው ብቻውን 1,200 ኪሎ ይመዝናል። የገንዳውን አካልና ተጠቃሚዎቹን ሲጨምሩ ሁለት ቶን ሊጠጋ ይችላል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር በሆነ ስፍራ ላይ ሲያርፍ በካሬ ሜትር ወደ 450 ኪሎ ይመጣል ማለት ነው። የመኖሪያ ቤት ወለል በተለምዶ የሚሰላው ለሰውና ለዕቃ በካሬ ሜትር 200 ኪሎ ያህል እንዲሸከም ተደርጎ ነው። ስለዚህ በአዲስ አበባ በረንዳና ሰገነት ላይ ጃኩዚ ለመትከል የምታስቡ ሁሉ፣ ሶሌታው ይችል እንደሆነ ሻጩን ሳይሆን የሕንፃውን መሐንዲስ ጠይቁ።

መሬት ላይ ሲሆን ክብደቱ የሚያስቸግር አይደለም። ለስላሳው አፈር ይነሣል፣ ድንጋይ ይነጠፋል፣ በደንብ ይጠቀጠቃል፣ ከዚያም ፌሮ የገባበት ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት ይሞላል። በተዳፋት ቦታ ላይ ግን ከክብደቱ ይልቅ የሚያሰጋው ውኃው ነው። ገንዳው በየሦስት ወሩ ገደማ ተደፍቶ በአዲስ ውኃ ይሞላል፤ ቱቦውም አንድ ቀን ማንጠብጠቡ አይቀርም። በአፋፍ ላይ የፈሰሰ ውኃ አፈሩ ውስጥ ይሰርጋል፣ ያከብደዋል፣ ያላላዋል። የሰሜን ሸዋ ሰው ይህን ከመጽሐፍ አይማርም። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በጣርማ በር ወረዳ፣ ደብረ ሲና አካባቢ መሬት ተንሸራትቶ ብዙ ቤት አፍርሷል። ያን ያመጣው ጃኩዚ አይደለም፤ የዚያ አቀበት ጠባይ ግን እንዲህ ነው።

ለወዳጄ የነገርኩት ይኸው ነው። ገንዳው ከገደሉ ራቅ ብሎ፣ ወደ ቤቱ ተጠግቶ፣ ነፋስ በማይመታው በኩል ይተከል። ፍሳሹም በዝግ ቱቦ ከተዳፋቱ ወደራቀና ለዚሁ ወደተዘጋጀ መቀበያ ይሂድ። ክሎሪን ያለበት ውኃ በጎረቤት ጓሮ አይለቀቅም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1225 ባለንብረት ጎረቤቱን እንዳያውክና እንዳይጎዳ፣ ከመልካም ጉርብትና ያለፈ ድምፅና ንዝረትም እንዳያሰማ ይከለክላል። ሌሊት በስድስት ሰዓት የሚያጓራ ፓምፕ የጎረቤትን መኝታ ቤት ግድግዳ ተደግፎ ሲተከል ከዚህ ክልከላ ጋር መላተሙ አይቀርም።

ነፋሱን ያነሣሁት ለምቾት ብቻ አይደለም። ክፍት ገንዳ ሙቀቱን በብዛት የሚያጣው በትነት ነው፤ አንድ ሊትር ውኃ ተኖ ሲሄድ ከ0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያንኑ 1,200 ሊትር ከ12 ዲግሪ ወደ 38 ለማሞቅ 36 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ስለሚፈልግ፣ ባለ 3 ኪሎ ዋት ማሞቂያ 12 ሰዓት ይሠራል። እንደ አንኮበር ባለ ነፋሻ ደጋ ጥሩ ክዳን ከጥሩ ማሞቂያ ይበልጣል። በእንጨት የሚሞቁም አሉ፤ የወፍ ዋሻ ደን ቅርብ ነውና እነርሱን ባንመኝ ይሻላል።

የኤሌክትሪኩ ነገር ቀልድ አያውቅም። ማሞቂያውና ፓምፑ አብረው 20 አምፔር ሊስቡ ስለሚችሉ መስመሩ ከቆጣሪው ለብቻው ይወጣል፤ ከሶኬት አይቀጠልም። የመሬት መስመርና፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ በ30 ሚሊ አምፔር ላይ የሚቆርጥ መከላከያ የግድ ናቸው። አንድ ሻጮች የማይናገሩት ነገርም አለ፤ መደበኛ የኤሌክትሪክ ሞተሮች የሚመደቡት እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ድረስ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ በደንብ አይቀዘቅዝም። አዲስ አበባ ራሷ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ፓምፑ ለደጋ መሆኑን አረጋግጡ።

ውኃውስ? በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውኃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ከሌሎች አገልግሎቶች ሁሉ ለቤት ውስጥ ፍጆታ ቅድሚያ ሰጥቷል። ጃኩዚ የቤት ውስጥ ፍጆታ ነው ብሎ የሚከራከር ጠበቃ አይጠፋም። ቧንቧው በሳምንት አንዴ በሚመጣበት ሰፈር ግን ሮቶ ገዝቶ የክረምቱን የጣሪያ ውኃ ማጠራቀም ከክርክሩ ይቀላል።

የውኃው ሙቀት ከ40 ዲግሪ አይለፍ። ነፍሰ ጡሮችና የልብ ሕመምተኞች ሐኪም ሳያማክሩ አይግቡ፤ መጠጥ የጠጣም አይግባ። ክሎሪኑ ከተረሳ ለብ ያለ ውኃ የባክቴሪያ መራቢያ ይሆናል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ክዳኑ ቁልፍ ይኑረው።

በመጨረሻ ስለ ውሉ። ገንዳው ሽያጭ ነው፤ ኮንክሪቱና የድጋፍ ግንቡ ግን የግንባታ ሥራ ናቸው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 3039 መሠረት ሥራ ተቋራጩ ለሥራው ጥንካሬ 10 ዓመት ዋስ ነው። ሁለቱን በአንድ ደረሰኝ ጠቅልሎ “ጃኩዚ ከነተከላው” ብሎ የሚጽፍ ሻጭ ሲገጥማችሁ ለየብቻ እንዲጽፍ ጠይቁት። የመጨረሻውንም ክፍያ ገንዳው ሞልቶ ሁለት ቀን ሳያንጠባጥብ ከቆየ በኋላ ስጡት።